ቅለት የሚያስከፍለው ዋጋ፦ ለ24 ሰዓት የብስክሌት ውድድር የሚሆን ድንኳን አመራረጥ

መግቢያ

የ24 ሰዓት የተራራ ብስክሌት ውድድር ከሌሎች የጽናት ውድድሮች የሚለይበት አንድ ዋና ባሕርይ አለው። ተወዳዳሪው ከአንድ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሌላ ከተማ አይጓዝም፤ አንዱን ዙር በፈጸመ ቁጥር ወደ ተነሣበት ሜዳ ይመለሳል። በዚያው ሜዳ ይበላል፣ ልብሱን ይቀይራል፣ ብስክሌቱን ይጠግናል፣ ጊዜ ካገኘም ይተኛል። በቡድን በዱላ ቅብብል መልክ የሚካሄደው ይህ ውድድር በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በሌርድ ናይት አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1992 ከተጀመረ ወዲህ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተስፋፍቷል። ውድድሩ በአብዛኛው ቅዳሜ እኩለ ቀን ገደማ ተጀምሮ እሑድ በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚጠናቀቅ፣ በየውድድሩ ሜዳ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት የምታገለግል የድንኳን መንደር ትመሠረታለች።

ለጀማሪ ተወዳዳሪ የድንኳን ግዢ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ብስክሌቱ፣ የሌሊት መብራቱ፣ መለዋወጫውና የመመዝገቢያ ክፍያው አብዛኛውን ገንዘብ ስለሚወስዱ ለድንኳን የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ መውደቅ ይከተላል። አንደኛው በገበያ የተገኘውን እጅግ ርካሽ ድንኳን ገዝቶ በመጀመሪያው ዝናባማ ሌሊት መማረር ነው። ሁለተኛው ለረዥም የእግር ጉዞና ለተራራ መውጫ የተሠራ ውድ ድንኳን ገዝቶ ለማይጠቀሙበት ባሕርይ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። በድንኳን ገበያ ዋጋን ከሁሉ ይበልጥ የሚያንረው ባሕርይ ቅለት ነው። በመኪና ተጭኖ እስከ ውድድሩ ሜዳ ለሚደርስ ድንኳን ግን ቅለት የሚሰጠው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው። ስለሆነም ቅለትን አውቆ የተወ ገዢ በመጠነኛ ገንዘብ ደረቅ፣ ጽኑና ሰፊ መጠለያ ሊያገኝ ይችላል። ይህን ለማስረዳት ጽሑፉ ሁለት ውድድሮችን በምሳሌነት ይወስዳል። አንዱ በስኮትላንድ ደጋማ ምድር ኮንቲን በተባለች መንደር አቅራቢያ በጥር ወር የሚካሄደው ስትራዝፓፈር ነው፤ በዚያ ወቅት ከ24ቱ ሰዓት 17 ያህሉ ጨለማ ሲሆን ዝናብ፣ በረዶና ጭቃ የተለመዱ ናቸው። ሌላው በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ከቱሳን ከተማ በስተሰሜን በሶኖራ በረሃ ውስጥ በየካቲት ወር የሚካሄደው የኦልድ ፑብሎ ውድድር ነው፤ በዚህኛው ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርዳም፣ መሬቱም እሾሃማ ነው።

የዕረፍት ስሌት

የድንኳኑ ጥቅም የሚለካው በሚያስገኘው እንቅልፍ ነው። አራት አባላት ባሉት ቡድን አንዱ ዙር 80 ደቂቃ ይፈጃል ቢባል፣ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በሁለት ዙሮቹ መካከል 240 ደቂቃ ያገኛል። ከዚህ ላይ ለመታጠብና ልብስ ለመቀየር 30፣ ለምግብ 30፣ ለቀጣዩ ዙር ለመዘጋጀት 30 ደቂቃ ሲቀነስ 150 ደቂቃ ይቀራል። የሰው እንቅልፍ አንድ ሙሉ ዑደት 90 ደቂቃ ገደማ ስለሚወስድ፣ የተረፈው ጊዜ ለአንድ ዑደትና ለጥቂት ትርፍ ብቻ ይበቃል። አንዳንድ ቡድኖች ሌሊት እያንዳንዱ አባል ሁለት ዙር በተከታታይ እንዲነዳ የሚያደርጉት ይህን ጊዜ ለማራዘም ነው። በዚህ አሠራር በምሳሌው መሠረት የዕረፍቱ ጊዜ 480 ደቂቃ፣ ለእንቅልፍ የሚተርፈውም 390 ደቂቃ ይሆናል።

ይህ ስሌት የሚያሳየው ጠባቡን ጊዜ ማባከን ምን ያህል ውድ እንደሆነ ነው። የረጠበ የመኝታ ከረጢት፣ በነፋስ የሚንኳኳ ሸራ ወይም ተስፈንጥሮ የወጣ ካስማ ግማሽ ሰዓት ቢሰርቅ፣ ከአንዱ የእንቅልፍ ዑደት ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ከጥልቅ እንቅልፍ በድንገት የተቀሰቀሰ ሰው ለጥቂት ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ፣ ውሳኔውና ቅልጥፍናው ደካማ ይሆናል። በጨለማ፣ በሥርና በድንጋይ መካከል ቁልቁል ለሚነዳ ሰው ደግሞ ይህ ድካም ከውጤት አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ዋጋን የሚያንረው ምንድን ነው?

የድንኳን ጨርቅ ውፍረት ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በዴኒየር ነው። ዴኒየር የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ሲለካ የሚገኘው ቁጥር ነው። እጅግ ቀላል ድንኳኖች ከ10 እስከ 20 ዴኒየር በሆነ ስስ የናይለን ክር ይሠራሉ፤ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ዴኒየር በላይ ከሆነ የፖሊስተር ክር ይሠራሉ። ስስ ክር ሳይቀደድ እንዲጸና ማድረግ ከፍ ያለ የአመራረት ጥበብና ውድ ልባጥ ይጠይቃል። ምሰሶውም እንዲሁ በቀላል የአሉሚኒየም ቅይጥ ይተካል። በዚህ መንገድ የሁለት ሰው ድንኳን ክብደት ወደ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ሊወርድ ይችላል፤ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ የአራት ሰው ድንኳን ግን አምስት ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ይችላል።

ድንኳኑን በጀርባው ተሸክሞ ለሚወጣ ወይም በብስክሌቱ ላይ ጭኖ ረዥም መንገድ ለሚጓዝ ሰው ይህ ልዩነት ገንዘብ ቢወጣበት የሚያስቆጭ አይደለም። ድንኳኑ ከመኪናው ኋላ ወርዶ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ በሚተከልበት ውድድር ግን የአራት ኪሎ ግራም ልዩነት ትርጉም የለውም።

ፖሊስተር በዚህ አገልግሎት ላይ ርካሽ ከመሆኑም በላይ ሁለት ብልጫዎች አሉት። ናይለን ውሃ ሲጠጣ ስለሚለጠጥ፣ ማታ ተወጥሮ የተተከለ ድንኳን ሌሊት ሲዘንብበት ይረግባል፤ ባለቤቱም ተነሥቶ አውታሩን እንደ ገና መወጠር ይኖርበታል። ፖሊስተር ግን ውሃን እምብዛም ስለማይጠጣ ቅርጹን ይጠብቃል። የፀሐይን ጨረርም ከናይለን በተሻለ ይቋቋማል። ዝናባማው ስትራዝፓፈር የመጀመሪያውን፣ ፀሐያማው ኦልድ ፑብሎ ሁለተኛውን ብልጫ ይፈልጋሉ።

ከላይ የሚዘንብና ከታች የሚሰርግ ውሃ

የጨርቅ ውሃ መከላከያ አቅም የሚገለጸው በውሃ ዓምድ ከፍታ ነው። ጨርቁ ሳያሳልፍ ሊሸከመው የሚችለው የውሃ ዓምድ በሚሊ ሜትር ይለካል፤ የመለኪያውም ዘዴ አይሶ 811 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ተደንግጓል። ለጣሪያ 1,500 ሚሊ ሜትር ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛ መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ በኃይለኛ ነፋስ ለሚመታ ዝናብ ከዚያ ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ይሁን እንጂ ትልቁ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። የልብስ ስፌት መርፌ በጨርቁ ላይ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነውና፣ ስፌቱ ከውስጥ በኩል በማጣበቂያ ጥብጣብ ካልታሸገ 3,000 ሚሊ ሜትር የተጻፈበት ድንኳንም ያፈሳል። ገዢው ከቁጥሩ በፊት ስፌቱን ቢመለከት ይጠቀማል።

የወለሉ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ክብደቱን በሙሉ በሁለት ጉልበቶቹ ላይ አሳርፎ ቢንበረከክ፣ ጉልበቶቹም መሬት የሚነኩት በድምሩ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሚሆን ስፋት ነው ቢባል፣ በወለሉ ላይ የሚያርፈው ግፊት 7,000 ሚሊ ሜትር ከፍታ ካለው የውሃ ዓምድ ግፊት ጋር ይስተካከላል። ከሥር ያለው መሬት ውሃ የጠገበ ከሆነ 3,000 ሚሊ ሜትር የሚችል ወለል ውሃ የሚያሳልፈው በዚህ ምክንያት ነው። ጫማውን ለመፍታት፣ ልብሱን ለመፈለግ ደጋግሞ የሚንበረከክ ተወዳዳሪ ይህን ግፊት በየዙሩ ይፈጥራል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከወለሉ ሥር ወፍራም ላስቲክ ወይም ሸራ ማንጠፍ ውሃውን ይገታል፤ በአሪዞና በረሃ ደግሞ ቾላ ከተባለው ቁልቋል እየተቆረጠ የሚበተነውን እሾህ ይከላከላል። ከዚህ ጋር መዘንጋት የሌለበት አንድ ነገር አለ። ላስቲኩ ከድንኳኑ ጠርዝ ወደ ውጭ ከወጣ ከጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ ተቀብሎ ወደ ወለሉ ሥር ይሰበስበዋል። ስለዚህ በአራቱም ማዕዘን ከድንኳኑ አነስ ብሎ መቆረጥ ወይም መታጠፍ አለበት። የመትከያውም ቦታ ውሃ ከሚጠራቀምበት ዝቅተኛ ሥፍራ የራቀ መሆን ይገባዋል።

ከውስጥ የሚመነጭ እርጥበት

ጠዋት ድንኳኑ ከውስጥ ረጥቦ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በጨርቁ ላይ ይወድቃል። አንድ ሰው ግን በእስትንፋሱና በቆዳው በአንድ ሌሊት ወደ ሩብ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በትነት መልክ ያወጣል። ሁለት ሰዎች በአንድ ድንኳን ሲያድሩ ይህ ግማሽ ሊትር ይሆናል፤ በላብና በዝናብ የራሰ የመንጃ ልብስ ውስጥ ተሰቅሎ ከሆነም ይጨምራል። እንፋሎቱ ከቀዝቃዛው ጣሪያ ጋር ሲገናኝ ወደ ጤዛ ይለወጣል። ጥርት ባለ ሌሊት ጨርቁ ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ስለሚለቅ በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ከዚህም የተነሣ ዝናብ በሌለበት በረሃ እንኳ ጣሪያው ከውስጥ ሊረጥብ ይችላል።

በዚህ ረገድ ባለ አንድ ንብር ድንኳን ርካሽ ቢሆንም ለውድድር አይመከርም። ውስጠኛው ክፍል ከውጭው ሽፋን ተለይቶ የተሠራበት ባለ ሁለት ንብር ድንኳን ጤዛው በውጭው ሽፋን ላይ እንዲቀርና ከተኛው ሰው ጋር እንዳይገናኝ ያደርጋል። በተጨማሪም አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች የሆኑ ሁለት የአየር መተላለፊያዎች ያስፈልጋሉ፤ ሞቃቱ አየር በላይኛው ሲወጣ ቀዝቃዛውና ደረቁ በታችኛው ይገባል። ርጥብ ልብስና ጭቃ የነካው ጫማ በበረንዳው ወይም በመኪናው ውስጥ እንጂ በመኝታው ክፍል ማደር የለበትም። ስለዚህ በረንዳ ያለው ድንኳን ለብስክሌተኛ ከሌለው ይመረጣል።

ነፋስ፣ ምሰሶና ካስማ

የነፋስ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሁለት ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የድንኳን ጎን ላይ 12 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንዳረፈበት አድርጎ ይገፋዋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ጨምሮ 72 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግፊቱ አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 50 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በለሰለሰ ምሽት ጸንቶ የታየ ድንኳን በሌሊት ሽውታ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ርካሽ ድንኳኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት በፋይበርግላስ ምሰሶ ነው። ፋይበርግላስ ከልክ ሲታጠፍ በርዝመቱ ተሰንጥቆ ይሰበራል፤ ስንጣሪውም ጨርቁን ይቀድዳል፣ እጅንም ይወጋል። አሉሚኒየም ግን ብዙ ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ስለሚጎብጥ በቧንቧ ቁራጭ ደግፎ እስከ ንጋት ማቆየት ይቻላል። ጥቂት ትርፍ ገንዘብ ካለ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው የምሰሶው ዓይነት ነው። አቅም ካልፈቀደ ደግሞ የፋይበርግላሱን ድንኳን ከመጠባበቂያ ምሰሶ ጋር መያዝ ይበቃል።

ካስማዎቹን መለወጥ ከሁሉ አነስተኛው ወጪ፣ ከሁሉ ትልቁ ጥቅም ነው። ከርካሽ ድንኳን ጋር የሚሰጡት ቀጫጭን የሽቦ ካስማዎች በለስላሳ መሬት አይጨብጡም፣ በጠንካራው ይታጠፋሉ። ለጠጠራማና በበረዶ ለጠነከረ መሬት ወፍራም የብረት ካስማ፣ ለአሸዋ ደግሞ ረዥምና ሰፊ ካስማ ወይም አሸዋ ተሞልቶ የሚቀበር ከረጢት ያስፈልጋል። አውታሮቹም ሁሉ መወጠር አለባቸው፤ ያልተወጠረ አውታር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ሌሊት ተወዳዳሪዎች በድካም ስለሚመላለሱ አውታሮቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ማሰር ከመደናቀፍ ያድናል።

ስፋትና የቀን እንቅልፍ

በድንኳን ላይ የሚጻፈው የሰው ቁጥር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ለሚተኛ ሰው የተሰላ ነው፤ ለአንዱ የሚደርሰው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ተወዳዳሪው ልብስ፣ ምግብና መለዋወጫ ስለሚይዝ ከሚያድሩት ሰዎች ቁጥር በአንድ ወይም በሁለት የሚበልጥ ድንኳን መምረጥ ይገባዋል። ቅለት እንደ መስፈርት ከተተወ ይህ ተጨማሪ ስፋት የሚገኘው በጥቂት ብር ጭማሪ ነው።

እንቅልፉ በከፊል ቀን ስለሚሆን ብርሃንም መታሰብ አለበት። ፈዛዛ ቀለም ያለው ድንኳን በፀሐይ ውስጥ ያበራል፣ ይሞቃልም። ብርሃን የሚጋርድ የውስጥ ክፍል ያላቸው ድንኳኖች አሉ፤ እነርሱን መግዛት ያልቻለ ሰው ግን በድንኳኑ ላይ ጥቁር ሸራ ከጥቂት ክፍተት ጋር ቢዘረጋና ዓይኑን በጨርቅ ቢሸፍን ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል።

ሙቀትና የከሰል አደጋ

ድንኳን ነፋስንና ዝናብን ይከላከላል እንጂ አያሞቅም። የተኛውን ሰው ሙቀት ከሁሉ ይበልጥ የሚወስደው ከሥሩ ያለው መሬት ነው፤ በክብደት የተጨመቀ የመኝታ ከረጢት ከጀርባ በኩል ሙቀት አይይዝምና። ስለዚህ ከድንኳን ዋጋ ላይ ተቀንሶ ለፍራሽ የሚውል ገንዘብ ብዙ ጊዜ የተሻለ እንቅልፍ ያስገኛል። ሁለት ርካሽ የስፖንጅ ምንጣፎች ሲደራረቡ የመከላከል አቅማቸው ይደመራል።

በዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ይጨመራል። ከሌሊት ዙር ርሶና ተንቀጥቅጦ የተመለሰ ተወዳዳሪ ምድጃ ወይም የከሰል ማንደጃ ወደ ድንኳኑ ሊያስገባ ይፈተናል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይልም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የመመረዙ ምልክቶች የሆኑት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከውድድር ድካም ጋር ስለሚመሳሰሉ ተጎጂው ሳያውቀው ይተኛል። በኢትዮጵያ ከተሞች በተዘጋ ቤት ውስጥ በከሰል ጭስ የሚደርሰው ሞት ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ድንኳንም በዝናብ ጊዜ ተዘግቶ ሲውል ከዚያ ቤት አይለይም። አስተማማኙ ማሞቂያ ደረቅ ልብስ፣ ቆብ፣ ትኩስ ምግብና በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ኮዳ ነው።

ዋጋውን ማስላት

የድንኳን እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው የመግዣው ገንዘብ ለሚያገለግልበት ሌሊት ቁጥር ሲካፈል ነው። በምሳሌ ለማሳየት፣ አንደኛው ድንኳን በ100 ተገዝቶ 4 ሌሊት ቢያገለግል የአንዱ ሌሊት ዋጋ 25 ነው። መካከለኛው በ200 ተገዝቶ 40 ሌሊት ቢያገለግል 5፣ እጅግ ቀላሉና ውዱ በ600 ተገዝቶ ተመሳሳይ 40 ሌሊት ቢያገለግል 15 ይሆናል። ዕድሜውን የሚወስነው በአብዛኛው አያያዙ ነው። ጨርቁን ውሃ እንዳያሳልፍ የሚያደርገው የፖሊዩሪቴን ልባጥ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፣ ይጣበቃል፣ ይሸታልም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በድካም ተጠቅልሎ የመጣ ድንኳን ሰኞ ተዘርግቶ መድረቅ ያለበት ለዚህ ነው። አዲስ ድንኳንም ወደ ውድድር ከመሄዱ በፊት በግቢ ተተክሎ ውሃ ሊረጭበትና ስፌቱ ሊፈተሽ ይገባል።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ለሚነዱ ብስክሌተኞችም ሁለቱ ምሳሌዎች በየወቅታቸው ይሠራሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ውርጫማ ስለሆነ ሁኔታው ወደ አሪዞና ይቀርባል፤ ክረምቱ ደግሞ በጭቃውና በዝናቡ ወደ ስኮትላንድ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀንስ፣ በአዲስ አበባ የበቃ ፍራሽ በተራሮቹ ላይ ላይበቃ ይችላል።

የዋጋውን ችግር ለማቃለል ደግሞ በአገሩ የቆየ አሠራር አለ። የዕድር ድንኳን ከባድ ነው፤ ማንም ግን በክብደቱ አይነቅፈውም። የሚመረጠው ሰፊ፣ ጽኑና ለብዙ ዓመት የሚያገለግል እንዲሆን ነው፤ የሚገዛውም በጋራ መዋጮ ሲሆን ከአገልግሎት በኋላ የሚያደርቀውና የሚጠብቀው ሰው ይመደብለታል። አራት አባላት ያሉት የብስክሌት ቡድንም በዚሁ መንገድ ቢያዋጣ አንድ ሰው ብቻውን የማይደፍረውን ባለ ሁለት ንብር፣ የአሉሚኒየም ምሰሶ ያለው ድንኳን ሊገዛ ይችላል። በቅብብል ውድድር ከአራቱ አንዱ ሁልጊዜ በመንገድ ላይ ስለሚሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚተኙት ቢበዛ ሦስት ናቸው።

ማጠቃለያ

ለ24 ሰዓት ውድድር ድንኳን የሚገዛ ሰው በቅደም ተከተል ሊመለከታቸው የሚገቡ ነገሮች የታሸገ ስፌት፣ ባለ ሁለት ንብር አሠራር ከሁለት የአየር መተላለፊያ ጋር፣ አስተማማኝ ምሰሶ፣ ከሚያድሩት ቁጥር የሚበልጥ ስፋትና በረንዳ ናቸው። ከድንኳኑ ጋር ያልመጡትን ጠንካራ ካስማዎች፣ የወለል ላስቲክና ወፍራም ፍራሽ በተጨማሪ መግዛት ይኖርበታል። ክብደትን ግን ከዝርዝሩ ሊያወጣው ይችላል። በዚህ መንገድ የተቆጠበው ገንዘብ ለፍራሽ ወይም ለመብራት ሊውል ይችላል፤ ሁለቱም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለተራው የሚቀሰቀሰውን ተወዳዳሪ ከሁለት ኪሎ ግራም ቅናሽ ይልቅ ይጠቅሙታል።